ዕቁቡ ሲወጣ ፍሪዘር ከመግዛታችን በፊት



ጾም ሲቀርብ አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። አትክልቱ ረክሷል፣ ጾሙ ደርሷል፣ ገዝተን እናስቀምጥ። በ2018 ዓ.ም ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ቀን ነው፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነበር። ሁለቱ ጾሞች ተያይዘው ሲገቡ ገበያው ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሙቀቱ ይከተላል። ከመጋቢት ጀምሮ ኸሪፉ እስኪዘንብ ድረስ ጠዋት የተገዛ ኩዝበራ ለምሳ ሳይደርስ ይጠወልጋል፤ በብርዱ ወራት ማንም የማይነካው ቲማቲም በፍሬ የሚቆጠርበት ጊዜ ይመጣል።

ስለዚህ "አሁን በርካሹ ገዝተን በፍሪዘር እናስቀምጥ" የሚል ሰው አላዋቂ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ነው። ዕቁብ የወጣለት ሰው ትልቅ ዲፕ ፍሪዘር ገዝቶ፣ በቀረው ብር አትክልት ሞልቶ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ለሰፈሩ እየመዘነ ለመሸጥ ያስባል። ዕቁቡ ሳይደርሰው በብድር ለመጀመር የሚያሰላም አለ። እንዲህ ላሉት ወገኖቼ የምለው አለኝ፤ ፍሪዘር ለቤት ጥሩ ነው፣ ለንግድ ግን ዛሬ ካርቱም ውስጥ ብር የሚቀመጥበት ዕቃ አይደለም። ለንግድ የሚሆነው የደረቀው ነው።

መጀመሪያ ፍሪዘርን ላመስግነው። ሻይ የሚሸጡ እህቶቻችን ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። ሰው ቤት የሚሠሩትም እንደዚያው። ጁምዓ ዕለት ሁለት ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላ ጎመኑን፣ ቃሪያውንና ሽንኩርቱን ከትፋ በየፌስታሉ ያስቀመጠች ሴት ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ለልጆቿ ትኩስ ወጥ ታደርሳለች። ያላስቀመጠችው ዳቦና ፉል ገዝታ ትገባለች። ፉል ጥሩ ምግብ ነው፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ለእንዲህ ያለች እናት ትንሽ ፍሪዘር ቅንጦት አይደለም፤ እግርና እጅ ናት።

ችግሩ ብዙዎቻችን አቀማመጡን አለማወቃችን ነው። አምስት ኪሎ ጎመን በጥሬው በአንድ ፌስታል ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲወጣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ጣዕሙ ሣር ሣር እያለ፣ ድስት ውስጥ ውኃ ብቻ ይሆናል። ከዚያ "የፍሪዘር ጎመን አይበላም" ይባላል። ጎመኑ ምን አጠፋ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል አብዛኛው ውኃ ነው። ውኃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋል፣ ሹል ሹል ይሆናል፣ የቅጠሉንም ገላ ከውስጥ ይበሳዋል። ቀስ እያለ የሚቀዘቅዝ ነገር ትልልቅ የበረዶ ፍሬ ይሠራል፤ ቶሎ የሚቀዘቅዘው ደግሞ ትንንሽ። ትንንሹ ጉዳቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ በትልቁ ከመጠቅጠቅ ለአንድ ድስት የሚበቃውን ብቻ በፌስታል አድርጎ፣ በእጅ ጠፍጥፎ እንደ ቂጣ ማሳሳት፣ አየሩንም ማስወጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኢንዛይም የሚሉት ነገር ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠም በኋላ ውስጡ መሥራቱን አያቆምም። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። ለዚህ ነው ጎመን ከመግባቱ በፊት በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያህል ገብቶ፣ ወዲያው በበረዶ ውኃ ቀዝቅዞ፣ ተጠልሎና ተጨምቆ መቀመጥ ያለበት። ቆስጣና ሌላው ስስ ቅጠል ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ፎሶልያ ሦስት። ባሚያ ትንንሹ ሦስት፣ ትልልቁ አራት፤ ግን ሙሉውን፣ ጫፉ ሲቆረጥ ውስጡ ሳይከፈት፤ ከተከፈተ ልጋጉ ውኃው ውስጥ ይቀራል።

ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ተከትፈው ይገባሉ። ቲማቲም ሙሉውን ይገባል፤ ሲወጣ ቧንቧ ሥር ሲያዝ ልጣጩ በራሱ ይወልቃል። ለሰላጣ አይሆንም፣ ለቁሌት ግን ከትኩሱ አይለይም። ቁሌቱን ራሱን ሠርቶ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ በስሎ፣ ውኃው መጦ የገባ ቁሌት ከጥሬው ይልቅ ቦታም አይፈጅም።

ቅመማ ቅጠሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ኩዝበራ፣ በቅዱኒስና ሸበት ሲደርቁ ሽታቸው ይጠፋል፤ በተለይ ኩዝበራ ከደረቀ በኋላ ገለባ ነው። እነዚህ የፍሪዘር ናቸው። ደቀቅ አድርጎ ከትፎ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓድ ጉድጓድ ውስጥ በትንሽ ውኃ ወይም ዘይት ማስገባት፣ ሲጠነክር አውጥቶ በፌስታል ማጠራቀም፣ ለአንድ ድስት አንድ ወይም ሁለት ፍሬ መጣል። በሶብላ በጥሬው ሲገባ ይጠቁራል። በዘይት ወይም በቀለጠ ቅቤ ተለውሶ ከገባ አረንጓዴነቱ ይሻላል፤ የዳጣ ወዳጆች ይህን ያዙ። ነዕናዕ ለሻይ ከሆነ አታስገቡት፤ ጥላ ላይ የደረቀው ይበልጣል። ጂርጅር፣ ሰላጣና አጁር ደግሞ ጭራሽ ወደዚያ እንዳይጠጉ። በጥሬው የሚበላ ነገር በረዶ ከነካው በኋላ ለፍየል ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ፍሪዘር ተሕዋስ አይገድልም፤ ያስተኛል እንጂ። በ2017 ዓ.ም ግንቦት ካርቱምና ኦምዱርማን ላይ መብራቱም ውኃውም ተቋርጦ ኮሌራ እንዴት እንደገባ አይተናል። ባልተጣራ ውኃ የታጠበ ኩዝበራ በረዶ ሆኖ ስለተቀመጠ ንጹሕ አይሆንም፤ ሲቀልጥ ይዞት የገባውን ይዞ ይወጣል። የቧንቧው ውኃ የማያስተማምን ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም ክሎሪን በገባበት ውኃ ይታጠብ፤ በረዶ የሚሆነውም ውኃ እንደዚያው። በጥሬው ሰላጣ ላይ ከመበተን ይልቅ ድስት ውስጥ ገብቶ የሚበስለው ላይ መጠቀም ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መብራት ሲኖር ነው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሕዝቡ የሚሰጠው መመሪያ አለ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ እስከ ግማሽ የተሞላ ከሆነ 24 ሰዓት። ከሥሩ ያለው ተራው ፍሪጅ ግን አራት ሰዓት ብቻ። ይህ ልክ በግንቦት ከአርባ ዲግሪ በላይ በሚግል የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላለ ፍሪዘር የተሰፋ አይደለም። እኛ ዘንድ ከዚያ ማሳጠር እንጂ ማስረዘም አይቻልም። ካርቱም ላይ ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን በሙቀቱ ወራት በየቀኑ መብራት ለሰዓታት ይሄድ ነበር። በጦርነቱ ደግሞ በየሰፈሩ የመዳብ ሽቦው ተመዞ ተወሰደ፣ ትራንስፎርመሩ ተሰባበረ። ሩቅ ያለውም ቢሆን አላመለጠም። በ2001 ዓ.ም የተመረቀው፣ 1,250 ሜጋዋት ያመነጫል የሚባለው መሮዌ ግድብ በ2017 ዓ.ም ጥር በድሮን ተመትቶ ብዙ ከተማ ጨለማ ውስጥ ገባ። ከእኛም አገር በገዳሪፍ በኩል የሚመጣ መስመር አለ፤ መብራቱም እንደኛው መተማን ተሻግሮ የሚነግድ ነው፣ እንደኛውም መንገድ ላይ ብዙ ነገር ያጋጥመዋል።

አሁን የምነግራችሁ ቀን ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ቅዳሜ ነበር፤ ቀዳም ስዑር። በማግስቱ ፋሲካ ነው። ለሱዳኖቹ ደግሞ የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ነበሩ። ጾመኛ ቤት ሁሉ ፍሪጁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ዴምም ሆነ ጀሪፍ፣ ሰሓፋም ሆነ ኦምዱርማን፣ የእኛ ሰው ቤት የነበረው አንድ ዓይነት ነው፤ የተገነጠለ ዶሮ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቁሌት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ከጎንደር የመጣ ቅቤ። ያን ቀን ጠዋት ተኩሱ ተጀመረ። በብዙ ሰፈር መብራቱ ጠፋ፤ ባሕሪ ላይ ያለው የውኃ ማጣሪያም ወዲያው ቆመና ሰፈሩ ያለ ውኃ ቀረ። ሰው በር ዘግቶ ወለል ላይ ተኝቶ ሳለ ፍሪጁ ውስጥ ያለው አንድ በአንድ መቅለጥ ጀመረ።

በዚያ ሳምንት በብዙ ግቢ ውስጥ የሆነው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀን ሁሉም ያለውን እያወጣ ጎረቤቱን ጠርቶ በላ፤ ከሰል ያለው አበሰለ፣ የሌለው በር ሰብሮ አነደደ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የቀረው መሽተት ጀመረ፤ ቆሻሻውን አውጥቶ ለመጣል እንኳን መውጣት አይቻልም ነበር። ከዚያ በኋላ የበላነው ከቆርቆሮው ነው። ሽሮ፣ በሶ፣ ምስር፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ሱዳናዊት ጎረቤት በቆርቆሮ ያላትን ወይካ ስትሰጥ፣ የእኛ ሴት ደግሞ በርበሬና ሽሮ ስትሰጥ ነው ያ ጊዜ ያለፈው። በመደኒ በኩል ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና መተማ መንገድ ሲጀመርም በየሻንጣው የነበረው ያው ደረቁ ነበር። ፍሪዘሩ እዚያው ቀረ፤ በኋላ ደግሞ እሱም ተዘረፈ።

ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ነገ ዕቁብ የሚወጣለት ሰው ብሩን የት እንደሚያስገባ ሲያስብ ያን ሳምንት አብሮ እንዲያስብ ነው። በፍሪዘር የተቀመጠ ሸቀጥ ዋጋ ያለው ሽቦው ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው። በጆንያ ያለ ወይካ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሱዳኖቹ ይህን ከእኛ በፊት አውቀውታል። ባሚያው በሚረክስበት ጊዜ ገዝተው፣ ከትፈው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ፈንዱክ በሚሉት ሙቀጫ ወቅጠው ወይካ ያደርጉታል። ሙላሕ ተቅሊያ በሉት፣ ሙላሕ ሮብ በሉት፣ ያለ ወይካ አይሆንም፤ ኪስራውም ዓሲዳውም የሚጠቀሰው በእሱ ነው። ሥጋውንም እንደኛ ቋንጣ ዘልዝለው ያደርቁታል። ስሙ ሸርሙጥ ነው፤ አዲስ የመጣ አበሻ ገበያ መሐል ሲሰማው ደንግጦ ዘወር ይላል፣ እኛ የቆየነው እንስቃለን። ሽንኩርትም ያደርቃሉ። ከሰላ ላይ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሶቪየቶች እርዳታ የሽንኩርት ማድረቂያ ፋብሪካ የተሠራው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አገሩ ፀሐይ አለው፣ ሽንኩርት አለው፣ መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው።

እኛስ? ድርቆሽ የእኛ ነው፣ ቋንጣ የእኛ ነው፣ በርበሬ ድልህ ሆኖ ተሰጥቶ ደርቆ መፈጨቱ የእኛ ነው። ኮሰረትና ደረቅ በሶብላ ባይኖሩ ቅቤው በምን ይነጠር ነበር? ጦስኝ ደርቆ ነው ከሰሜን ተራራ እዚህ ድረስ ሽታውን ይዞ የሚመጣው። እናቶቻችን ማቀዝቀዣ ስላልነበራቸው ብቻ ያደረጉት የሚመስለው ወጣት አለ። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ኮሰረት ደርቆ ይበልጥ የሚሸት መሆኑን በአፍንጫቸው ማወቃቸው ነው።

ለማድረቅ ደግሞ ካርቱምን የሚያህል ከተማ የለም። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የሙቀቱ ወራት ሀቡብም ገና አልተነሣም። አትክልቱ የሚረክሰውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ አባይ ሲጎድል በየዳርቻው ባለው ጅሩፍ ላይ የተዘራው ሁሉ የሚደርስበት። ቱቲ ደሴት ድሮ ለካርቱም ጠዋት ጠዋት ቅጠል የምታቀርበው ከዚህ መሬት ነበር፤ ጦርነቱ ክፉኛ ጎዳት እንጂ። ሙያው ቀላል ቢሆንም ሕግ አለው። ቅጠል ነገር ጥላ ላይ ነው የሚደርቀው፤ ፀሐይ ቀጥታ ከመታው ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። ባሚያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ግን ፀሐይ ይፈልጋሉ። መሬት ላይ አይሰጣም፤ ጣሪያ ላይ፣ ከሥሩ አየር በሚያገኝ አልጋ ወይም ሰሌን ላይ፣ ከላይ በሻሽ ተሸፍኖ፤ ዝንብም አቧራም እንዳይነካው። ማታ ይገባል፣ ጤዛ እንዳይመታው። መድረቁ የሚታወቀው ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ሲንኮታኮት፣ ባሚያው ሲሰበር ቀጭ ሲል ነው። እንደ ቆዳ የሚታጠፍ ከሆነ ገና ነው፤ እንዲያ ሆኖ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይሻግታል። የሻገተ ነገር ደግሞ ሻጋታውን አራግፎ መሸጥ የለም፤ መርዝ ነው፣ ይጣል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ነጋዴ ነን። ባሚያ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ነው። አሥር ኪሎ ባሚያ ደርቆ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ይህን ሰው ሲሰማ "ዘጠኝ ኪሎ ከሰርኩ" ይላል። አልከሰረም፤ ውኃውን ነው ያልጫነው። በፍሪዘር ያስቀመጠው ሰው ግን አሥሩንም ኪሎ ያቀዘቅዛል፣ ለአሥሩም ቦታ ይከፍላል፣ ለአሥሩም መብራት ወይም ጄኔሬተር ነዳጅ ይገዛል፣ ሲሸጥም በአንድ ቀን የሚሸጥለት አይደለምና በከፈተ በዘጋ ቁጥር ብርዱን ያወጣል። ለዚያውም ገዢው እዚያው ሰፈር ያለ ሰው ብቻ ነው። ደረቁ ገዳሪፍ ይደርሳል፣ መተማ ይደርሳል፣ ጎንደር ላለ ሱዳን ለለመደ ሰው ይደርሳል። ከዚያ ደግሞ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጦስኝና ሚጥሚጣ ይዞ ይመለሳል። ድንበሩ ሲዘጋና ሲከፈት የኖርን ሰዎች ነን። ገላባት ላይ ሁለት ሳምንት ቢያዝ ሳይበላሽ የሚጠብቀን ሸቀጥ የትኛው ነው? በበረዶ ይዞ መንገድ የገባ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም።

"ግብፆቹስ ሙሉኺያውን በፓኬት አቀዝቅዘው ይሸጡ የለም ወይ?" ያለኝ ሰው አለ። ይሸጣሉ። ፋብሪካ አላቸው፣ በአንድ ሰዓት የሚያጠነክር ማሽን አላቸው፣ ከፋብሪካው እስከ ሱቁ ድረስ ብርድ ያለው መኪና አላቸው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ተበጠሰ። የእኛ ሰንሰለት ደግሞ ሪክሻ ላይ ነው የሚጀምረው።

"ሶላር አለ" የሚለው ግን የሚያዳምጡት ነገር ነው። ብዙ ሰው ከጦርነቱ ወዲህ ጣሪያው ላይ ፓኔል አውጥቷል፣ ደግም አደረገ። ባትሪው ትንሽ ከሆነ ግን ፍሪዘሩ የሚሠራው ቀን ቀን ብቻ ነው። ለቤት ዘዴ አለው፤ ባዶውን ቦታ ሁሉ በውኃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ መሙላት ነው። ቀን የጠነከረው ውኃ ሌሊቱን ብርድ ይይዛል፤ ከቀለጠም ይጠጣል። ለሁለትና ሦስት ኪሎ የቤት ጎመን ይበቃል። ለንግድ የሚሆን ሦስት መቶና አራት መቶ ሊትር ፍሪዘር ሌሊቱን የሚያሳድር ባትሪ ከፍሪዘሩም ከአትክልቱም በላይ ብር ይጠይቃል። እሱን የሚችል ሰው ቢሠራበት አልቃወምም። የምናገረው ዕቁብ ጠብቆ ለሚሠራው ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር፤ ሽያጭን ያህል ክብደት አለው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዘይት ፈጭቶ ማስቀመጥ የለመድነው ነው፤ በፍሪዘር ጥሩ ነው። ቀልጦ ሞቃት ክፍል ውስጥ የቆየ እንደሆነ ግን ተጠንቀቁ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ታፍኖ ሙቀት ካገኘ ቦቱሊዝም የሚባለው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ይህ መርዝ አይሸትም፣ ቀለም አይለውጥም፣ ነርቭ ይዞ ነው የሚጥለው። ስለዚህ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ "እስቲ ላሽትተው" ማለት አያዋጣም። ለማወቅ ቀላል መላ አለ። አንድ ኩባያ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ አጠንክሩና ከላዩ አንድ ሳንቲም አስቀምጡ። ከሥራ ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ሁሉም ደህና ነው። ወደ ታች ሰምጦ ከሆነ መብራቱ እናንተ በሌላችሁበት ሄዶ፣ ሁሉም ቀልጦ፣ እንደገና ጠንክሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥጋውንና በዘይት ያለውን ነጭ ሽንኩርት ያለ ርኅራኄ ጣሉ። ገና በረዶ በረዶ የሚል ጎመን ግን ተመልሶ ሊጠነክር ይችላል፤ ልስላሴው ይጨምራል እንጂ አይጎዳም። ለሰው የሚሸጥ ሰው ይህን ሳንቲም በየቀኑ ያያል? ካላየስ የማን ልጅ ነው የሚታመመው?

 እኔ ብሆን የዕቁቡን አብዛኛውን ብር ባሚያና ሽንኩርት ገዝቼ ጣሪያ ላይ አወጣዋለሁ፣ ከመተማ ኮሰረትና በሶብላ አስመጣበታለሁ፤ በቀረው ለቤት የምትሆን ትንሽ ፍሪዘር። ስትገዙም ከኋላ ወይም ከውስጥ በግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። ዕቃው የሚችለው የክፍል ሙቀት በፊደል ተጽፎባታል፤ ኤን የሚል እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤስ ቲ የሚል እስከ 38፣ ቲ የሚል እስከ 43 ዲግሪ ለሆነ ክፍል የተሠራ ነው። ከውጭ ተጭኖ የሚመጣው አሮጌ ዕቃ ኤን ሊሆን ይችላል። ግንቦት ላይ ሞተሩ ሳያርፍ ሲጮኽ ውሎ ሲያድር የሻጩ ስልክ አይነሣም።